«ልጄ አፉን አልፈታም፤ የቱን ካርቱን ልክፈትለት?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው፤ ከ«ማማ» እና «እንቢ» ሌላ ቃል የለውም። ሱቅ ስለምውል ከዓመቱ ጀምሮ ስልክ እየሰጠሁት ነው ያደገው፤ ስቀማው መሬት ላይ ይንከባለላል። አማቴ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላሉ። ጎረቤቴ እንጥሉን አስቆርጪው ትለኛለች። ጆሮውም ከክረምት ጀምሮ ይፈሳል፣ የጤና አዳም ጭማቂ ጠብ አደርግለታለሁ። ሬዲዮ ላይ ስለ ኦቲዝም ሲወራ አጠፋዋለሁ። አፍ የሚያስፈታ የዩቲዩብ ቻናል ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያጠፉትን ሬዲዮ እንክፈተው። ስልክ ኦቲዝም አይፈጥርም። ኦቲዝም በአብዛኛው ልጁ ሳይወለድ የሚጀምር የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው፤ እርስዎ እንጀራ ፍለጋ ሱቅ ስለዋሉ የመጣ አይደለም። ልጅዎ ይኑርበት አይኑርበት ሳላየው አልናገርም። ስሙን ሲጠሩት ዞር ካለ፣ ባጃጅ ሲያልፍ በጣቱ ጠቁሞ እርስዎም አይተው እንደሆነ ፊትዎን ካየ፣ ደስ የሚል ምልክት ነው። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ግን በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

የስልኩ ጥፋት ሌላ ነው። ልጅ ቋንቋ የሚማረው በምልልስ ነው፦ እሱ «ባ» ሲል እርስዎ «አዎ፣ ባጃጅ!» ይላሉ፣ አፍዎን ያያል፣ ደግሞ ይሞክራል። ካርቱኑ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ቢውል የልጁን መልስ አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን ማየት በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት ፈቅዷል፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ጭራሽ አይመከርም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። እንጥል ንግግር አያዘገይም። ያቺ የተንጠለጠለች ሥጋ ሥራ አላት፤ ስንውጥ ምግብና ውሃ በአፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃ ጋር ሆና መንገዱን ትዘጋለች። ስትቆረጥ የሚመጣው ደም ነው። ሕፃን ደሙን ስለሚውጠው ምን ያህል እንደፈሰሰ እናት አታይም፤ የምታየው ከንፈሩ ሲነጣ ነው። ከደሙ ቢተርፍ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ፣ ምላጩ ከልጅ ልጅ ከዞረ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ አለ። «የእከሌ ልጅ ተቆርጦ በሁለት ወሩ አወራ» ይሉዎታል። ሳይቆረጥም በሁለት ወሩ ያወራ ነበር! ምላስ ሥር ያለችውን ክርም ማንም እንዳይነካ፤ አጥብቃ ይዛ ከሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው፣ እሷም ብትሆን ልጅን ዝም አታሰኝም። ጎረቤትዎን አይቀየሟት፣ ቡናዋንም ይጠጡ፤ ልጁን ግን አያሲዟት።

አማትዎ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ወንዶች ጥቂት ይዘገያሉ። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ግን «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ማገጣጠም ነበረበት። አማርኛና ኦሮምኛ ተቀላቅሎበት ነው የሚልዎም ይኖራል፤ እንዲያ ቢሆን የጅማ ልጅ ግማሹ ዲዳ በሆነ ነበር።

በጣም ያናደደኝን ነገር ደግሞ ጥግ ላይ ጣል አድርገውታል። ጆሮው ከክረምት ጀምሮ ይፈሳል፣ እርስዎ ጤና አዳም ይጨምቁበታል! ጤና አዳም ለቡና ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚፈስ ጆሮ ብዙ ጊዜ ታምቡሩ ተበስቷል ማለት ነው፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ደግሞ በደንብ አይናገርም። ከዛሬ ጀምሮ ጭማቂም ዘይትም ያቁሙ፤ በራስዎ ጠብታ አይግዙ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ወስደው መስማቱን ያስመርምሩ። እስከ ጥምቀት ልጠብቅ እንዳይሉ።

ስልኩን ሲቀሙት የሚንከባለለው ጥቂት ቀን ነው፤ ይንከባለል፣ አይሞትም። ከገበታና ከመኝታ ሰዓት ይጀምሩ። ቡና ሲያፈሉ የሁላችሁም ስልክ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ልጁን ከከሰሉ አርቀው በርጩማ ላይ ያስቀምጡት። ከአቦል እስከ በረካ «ትኩስ»፣ «ጭስ»፣ «ስኒ»፣ «ጨምሪ» እያሉ ያውሩት፤ ባይመልስም አፉን እስኪከፍት ትንሽ ይጠብቁት። ሱቅም ይዘውት ይዋሉ፤ ሽንኩርቱን ለደንበኛ እሱ ያቀብል።

ስለ ቻናሉ፣ የምመርጥልዎ የለኝም። ለምርመራ ሲሄዱም ማባበያ ብለው ስልክ አይስጡት፤ ሐኪሙ ማየት ያለበት ልጁን ያለ ስልክ ነው። የክትባት ካርዱን ግን እንዳይረሱ።