«እንቅልፍ ነው ያወፈረው» ይላሉ አማቴ

የአንባቢያን ጥያቄና የነርሷ መልስ

ይድረስ ለተከበሩ ሲስተር። የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ቢያድር ነው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ የምዘጋት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እኔ ዘንድ ይቆያል። አብረን ቤት ገብተን፣ እራት በልተን፣ ቴሌቪዥን ሲያይ ቆይቶ እንቅልፍ የሚወስደው 5 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እቀሰቅሰዋለሁ። ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ሳስመዝነው 31 ኪሎ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ26 ሆነ፤ «ክብደቱ በዝቷል» አሉኝ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ «እንቅልፍ ነው ያወፈረው፤ እሁድ እስከ 4 ሰዓት ታስተኚዋለሽ» ብለው አሁን እሁድም በሌሊት ቀስቅሰው ቅዳሴ ይወስዱታል። ወር ሊሞላን ነው፤ ክብደቱ ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፋ መምህሩ ላኩብኝ። ማታ ማታም ያንኮራፋል። አማቴን ማስቀየም አልፈልግም፤ እሳቸው ባይኖሩ ሱቁም አይኖርም። ምን ላድርግ?

የቡሬዋ እናት

እታለሜ፣ መጀመሪያ ስለ አማትሽ ልናገር። በእሳቸው ዕድሜ ያለን የጎጃም ሰዎች «የተኛ ይወፍራል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ለፋሲካ የሚደለበው ሰንጋ ከደጅ አይወጣም፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይወፍራል። ሰውም እንደዚያው ይመስለናል። ሰንጋውን ያደለበው ግን እንቅልፉ አይደለም፤ ከፊቱ የማይጠፋው ፋጉሎ ነው። አማትሽ ለልጁ አስበው ነው፣ የተሳሳቱት ስሌቱን ብቻ ነው። እኔም ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን እንደሳቸው አስብ እንደነበር አልደብቅሽም።

እስቲ ስሌቱን እንሥራው። ልጅሽ 5 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት ይነሣል፤ ሰባት ሰዓት ተኛ ማለት ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይተኛ ይላል። ስለዚህ ልጅሽ በትንሹ ተቆጥሮ እንኳ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ይጎድለዋል፤ በአምስቱ የትምህርት ቀናት 10 ሰዓት። እሁድ እስከ 4 ሰዓት የሚተኛው የሳምንቱን ዕዳ ሊከፍል እየሞከረ ነው። አያቱ ደግሞ ያቺን የመክፈያ ቀን ወሰዱበት። ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል?

ክብደቱንም ላስላልሽ፣ ጤና ጣቢያው ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶሽ ስለተለያያችሁ። ክብደቱን ለቁመቱ ስኩዌር፣ ማለትም በሜትር የተለካው ቁመቱ በራሱ ሲባዛ ለሚመጣው፣ ስናካፍል 19.5 ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛው 15.7 ነው፤ ከ17.4 ሲያልፍ ክብደቱ በዝቷል ይባላል፣ ከ19.7 ሲያልፍ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ልጅሽ ሁለተኛው ድንበር ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ችላ የሚባልም አይደለም።

አሁን እንቅልፍና ክብደት ምን አገናኛቸው ትዪኝ ይሆናል። ከጥናቶቹ ሁሉ ለልጅሽ የሚቀርበውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው 37 ልጆች አንዱን ሳምንት ከልማዳቸው ቀድመው፣ ሌላውን ሳምንት ደግሞ አምሽተው እንዲተኙ ተደረገ። በሁለቱ ሳምንታት መካከል የእንቅልፋቸው ልዩነት በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ነበር። ልብ በዪ፣ ያው ልጅ ከራሱ ጋር ነው የተነጻጸረው፤ የሀብታም ልጅ ከድሃ ልጅ ጋር አይደለም። በደንብ በተኙበት ሳምንት በቀን በአማካይ 134 ኪሎካሎሪ ቀንሰው በሉ፤ ክብደታቸውም ሩብ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት በቀረው መጠን አነሰ። 134 ኪሎካሎሪ ስንት ነው ብትዪ፣ ሱቅሽ ውስጥ ካለችው 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ጋር ይቀራረባል። ማንም «አትብሉ» አላላቸውም እኮ! ተኙ ተባሉ እንጂ።

በኒውዚላንድ የዱኒደን ከተማ ደግሞ 244 ልጆችን ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ እስከ ሰባት ተከታትለዋል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመታቸው በሌሊት አንድ ሰዓት ጨምረው የሚተኙት ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ ያ ቅድም ያሰላንልሽ የክብደትና የቁመት ቁጥር በግማሽ ነጥብ (በ0.5) ገደማ ያንስ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ክትትል ብቻውን እንቅልፍ ማጣት እንደሚያወፍር አያረጋግጥም፤ የቤቱ አመጋገብም፣ ዘርም አለበት። ከሠላሳ ሰባቱ ልጆች ጋር ሲደመር ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ የሚከራከረኝ አንባቢ አይጠፋም፤ በጎጃም ምድር ተቀምጦ እንዴት ይጠፋል! «የቆሎ ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያድር የለ? የወፈረ የቆሎ ተማሪ አይታችኋል?» ይላል። ታላቅ ወንድሜ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ለእረፍት ሲመጣ እናታችን የአጥንቱን ብዛት ቆጥራ ታለቅስ ነበር። እንቅልፍ ማጣት እሱንም ሳያስርበው አይቀርም፤ ነገር ግን አኩፋዳውን ይዞ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ መንደር ለመንደር ዞሮ ያገኘው ቁራሽ ለአንድ ጊዜም አልበቃው። እንቅልፍ ማጣት አፍን ይከፍታል እንጂ እህል አያመጣም። አፍ ሲከፈት እጅ የት ይደርሳል የሚለው ነው ልዩነቱ። የወንድሜ እጅ አኩፋዳው ግርጌ ነበር የሚደርሰው፤ የልጅሽ እጅ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መደርደሪያ ላይ ይደርሳል። አምሽቶ የሚቀመጥ ልጅ የሚበላበት ሰዓትም ይረዝማል፣ በማግስቱ ደክሞት ኳስ አይሮጥም።

ስለ ማንኮራፋቱ አጥብቄ እነግርሻለሁ። ተኝቶ ሳለ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አድምጪው። ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ ከዚያ በሲቃ ይመለሳል? አፉን ከፍቶ ይተኛል? በላብ ይጠመቃል? ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሆስፒታል ውሰጂው። ቶንሲል ሲያብጥ ወይም ክብደት ሲበዛ የአየር መንገዱ ይጠብባል፤ እንዲህ ያለ ልጅ አሥር ሰዓት ቢተኛም እንዳልተኛ ነው። ጎረቤት «እንጥሉን አስቆርጪው» ማለቱ አይቀርም። እንዳታደርጊው! ሕፃናት ክፍል በሠራሁበት ዘመን በዚህ ምክንያት ደም እየፈሰሳቸው የመጡ ልጆች ዛሬም ዓይኔ ላይ አሉ።

ቡናውንም ልጠይቅሽ። በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም፤ ቢሆንም ምሽት ላይ ቡና በማይፈላበት ቤት አልተወለድሁም። አያት በረካዋን ለልጅ ልጅ ማቀበል ትወዳለች፤ ቀጭን ናት፣ ምን ታደርገዋለች ተብላ። ለስምንት ዓመት ልጅ ታደርገዋለች። ከቀትር በኋላ ቡናም ሻይም ይቅርበት።

አማትሽን አትከራከሪያቸው፤ ሹመት ስጫቸው። ልጁን የሚያስተኙት እሳቸው ይሁኑ። እሳቸው በጊዜ የሚተኙ ሰው መሆን አለባቸው፤ በሌሊት ለቅዳሴ የሚነሣ ሰው አያመሽም። ልጁ ከሱቅ ካንቺ ጋር ሳይሆን 1 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ይሂድ፣ እራቱን ከእሳቸው ጋር ይብላ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተረታቸውን ይስማ። ሱቅሽን ዘግተሽ ስትገቢ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። እንደምትናፍቂው አውቃለሁ፤ እናትነትሽን ጠዋት ቁርስ ላይ አውጪው። ከ5 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት በአንድ ቀን አይመጣም፤ በየሦስት ቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ እየቀነሳችሁ ውረዱ። ቴሌቪዥኑ እሱ የሚተኛበት ክፍል ካለ ይውጣ፤ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ደግሞ እሱ ሲተኛ ይጥፋ፣ ስልክም ትራስ ሥር አይደር። ቅዳሴውን አትከልክዪው፤ ቅዳሜ ማታ በጊዜ ከተኛና እሁድ ከቀትር በኋላ ትንሽ ካሸለበ ሁለቱም ይሆናል።

ምግብ አትከልክዪው፣ በተለይ «አንተ ወፍራም» አይባል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ክብደቱ 31 ላይ ቆሞ ቁመቱ 1 ሜትር ከ32 ቢደርስ ያ 19.5 ወደ 17.8 ይወርዳል፤ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይቀንስ። የሱቁን ለስላሳ ግን ለደንበኛ ተዪው።

ከብቸና አካባቢ አንድ አባት ደግሞ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «የአራት ዓመት ልጄ ከስታለች። ማታ 1 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ትነሣለች፤ ቀን ላይም ታሸልባለች። ጎረቤቶቻችን እንቅልፍ አበዛች፣ መብላት የረሳችው ለዚያ ነው ይላሉ። ልቀስቅሳት?»

አይቀስቅሷት፣ ወንድሜ። በእሷ ዕድሜ የቀኑ ተጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ጤነኛ ነው። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በከባዱ እንቅልፍ ጊዜ ነው። የክሳቷን ምክንያት ሌላ ቦታ ይፈልጉት፤ ምን ትበላለች፣ ተቅማጥ ይመላለስባታል ወይ፣ ወተትና እንቁላል ገበያ ሄዶ ያልቃል ወይስ ለእሷም ይቀራል? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበር። የእኛ አገር ዋናው ችግር ዛሬም ይኸው ነው፤ የቡሬዋ እናት ደብዳቤ የዚህ ገጽ ብርቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ ወስደው የክንዷን ዙሪያ ያስለኩ፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የመጨረሻው ደብዳቤ አስቆኛል። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ የሚማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ወላጆቹ ጮቄ ሥር ናቸው፣ ስንቁን በየሳምንቱ ይልኩለታል። «አምና ስንቄ ሳምንት ይበቃኝ ነበር። ዘንድሮ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማጥናት ከጀመርሁ ወዲህ ግን ሐሙስ ያልቃል። ሰው እየሰረቀኝ መስሎኝ ሳጥኔን በቁልፍ ቆለፍሁት፤ አሁንም ሐሙስ ያልቃል። ሲስተር፣ ይህ የጤና ጥያቄ ይሆን?» ይላል።

ይሆናል እንጂ፣ ልጄ። ቁልፉን ማን ነው የያዘው? ሌባው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሌሊት አሥር አሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ደማቸው ተመረመረ። እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ «ጠገብሁ» የሚያሰኘው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን በ18 ከመቶ ቀነሰ፣ «ራበኝ» የሚያሰኘው ግሬሊን በ28 ከመቶ ጨመረ፤ በተለይ ያማራቸው ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዳቦን የመሰለ ምግብ ነበር። ያንተ ዳቦ ቆሎና ዳቦህ ሳጥንህ ውስጥ ተቀምጠው ሌሊቱን ይጠሩሃል ማለት ነው።

ባንተ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኛና 12 ሰዓት ተነሣ፤ ከትምህርት መልስ ያለውን ሰዓት ለከባዱ ትምህርት አውለው። በእንቅልፍ ልብ የተነበበ ፊዚክስ ጠዋት ላይ አይገኝም፤ ይህን የምልህ ለሌሊት ተረኛነት ስል ለዓመታት ያነበብሁትን ስረሳ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሁለት ሳምንት ሞክረውና በሁለተኛው ሐሙስ ሳጥንህን ከፍተህ ምን እንደተረፈ ጻፍልኝ።