ሲቆም ራሱ የሚነሳ ዌብ ሰርቨር

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው የአፓቼ ሰርቨሬ ሌሊት ሌሊት ይቆምብኛል። እየተከታተለ የሚያስነሳውን ስክሪፕት እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፕሮግራሙ መኖሩን ብቻ የሚያይ ስክሪፕት አይበቃዎትም፤ ሰርቨሩ በሥራ ላይ ያለ እየመሰለ ለጎብኚዎች መልስ መስጠት ሊያቆም ይችላልና። ስለዚህ ስክሪፕቱ በከርል (ከትእዛዝ መስመር ድረ ገጽ በሚጠይቀው ፕሮግራም፣ curl) አንድ ገጽ ይጠይቅ፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 200 የሚለው የኤችቲቲፒ ምላሽ (ጥያቄው ተሳክቷል ማለት ነው) ካልደረሰው ጥቂት ቆይቶ ይድገም፣ ዳግመኛም ካልተሳካለት ሰርቨሩን ዘግቶ እንደገና ያስነሳው። ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት የሚያስኬደው የሊኑክስ ፕሮግራም ክሮን (cron) ስክሪፕቱን በየደቂቃው ሊያስኬደው ይችላል። አጥብቄ የምለምንዎ ግን፣ ከማስነሳቱ በፊት ሰዓቱን፣ የቀረውን ሜሞሪና የስሕተት መዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች በፋይል እንዲያስቀምጥ ነው፤ አለዚያ ሰርቨሩ በየሌሊቱ እየተነሳ፣ የሚጥለው ምክንያት ተሸፍኖ ይቀራል። ፕሮግራሙ በብልሽት ጨርሶ ሲዘጋ ለማስነሳት ስክሪፕትም አያስፈልግም፤ በብዙ ሊኑክሶች ላይ አገልግሎቶችን በሚያስነሳውና በሚቆጣጠረው በሲስተምዲ (systemd) የአገልግሎት ፋይል ውስጥ «ሪስታርት» የሚለውን ቅንብር «ኦን-ፌይለር» ማድረግ (Restart=on-failure) ይበቃል።