ስለ አሮጌዋ የአየር ጠመንጃ ለጠየቃችሁኝ

እዚሁ ደብረ ብርሃን አንዲት አሮጌ ዲያና 27 የአየር ጠመንጃ ፈትቼ መጠገኔን ከነገርኳችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። እስቲ በየተራ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ባሩድ ከሌላት በምን ትተኩሳለች?

በሞላ፣ ማለትም በስፕሪንግ። አፈሙዙን ወደ ታች ስታጥፈው ፒስተኑ ወደ ኋላ ይሄድና ሞላው ይታመቃል። ቃታውን ስትስብ ፒስተኑ ተወርውሮ ፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል። 4.5 ሚሊ ሜትሯን የእርሳስ ጥይት የሚገፋት ያ አየር ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ጥሩ ሥራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

እኔ ቃታዋን ነው የማየው። የዲያና 27ን ፒስተን ጠምዶ የሚይዙት ትናንሽ የብረት ኳሶች ናቸው። ሞላው ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ፣ ቃታው ግን በጣት ጫፍ ይለቃል። ቀጥሎ አፈሙዙን ወዲያ ወዲህ አነቃንቃለሁ። ከላላ መጣል የለም፤ ማጠፊያው ላይ የሚጠብቅ ብሎን አለ። ልቤን የሚነካው ይሄ ነው። የሠራት ሰው አንድ ቀን እንደምትላላ አስቦ ማጥበቂያውን አብሮ ሠርቶላታል። ማኅተሟንም እዩት፤ የአደን አምላኳ ዲያና ቀስቷን ጥላ ጠመንጃ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

ጥይት ሳይገባ መተኮስ ይጎዳታል?

በጣም። ጥይት ካልዘጋው አየሩ ያመልጥና ፒስተኑ ሄዶ ብረት ይመታል።

ከደብረ ብርሃን፦ ቆላ ስወርድ ትበረታለች፣ እዚህ ትደክማለች። እውነት ነው ወይስ መስሎኝ?

እውነትህን ነው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ይሳሳል፣ ጥይቷም ትዘገያለች። ደግሞ መጨረሻ ላይ የፒስተኑን ምት የሚያለዝበው ያው አየር ነው። እባክህ ጉልበት ልጨምር ብለህ ጠንካራ ሞላ አታስገባባት፤ ምቱ ይብስባታል።

ከአንኮበር፦ የእኔዋ ትጨሳለች፣ ድምጿም እንደ ባሩድ ነው።

ዘይት አብዝተህባታል። አየር በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ ዘይቱ ልክ ናፍጣ ሞተር ውስጥ እንደሚሆነው ይቀጣጠላል። ፒስተኗ ጫፍ ላይ አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋው ቆዳ ነው፤ እንዳይደርቅ አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። ጠብ አድርገህ አፈሙዟን ወደ ላይ አቁመህ አሳድራት።

ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባው?

ተው ወንድሜ! ያ ወዝ የስንት ዓመት እጅ ያመጣው ነው። ጨርቅ ላይ ትንሽ የተልባ ዘይት አድርገህ እሸው፤ የተረፈውን ወልውለህ አድርቀው።