ለተጎታች ጀልባ ሆድ ምን ቀለም ይሻላል?

ጥያቄ፦ ትንሽ የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችኝ። እሁድ እሁድ በተጎታች ጭኜ ግልገል ጊቤ ሐይቅ እወስዳታለሁ፣ ማታውኑ ጅማ ግቢዬ ትገባለች። አንድ ባለሱቅ «አልጌ የማያስይዝ የመርከብ ቀለም ካልቀባሃት አለቀላት» አለኝ። እውነት ነው?
ከ. ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። የዚያ ቀለም ዋናው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፤ ቀስ እያለ ወደ ውሃው እየወጣ አልጌ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የሚጠቅመው ወራት ሙሉ ውሃ ላይ ለምትከርም ጀልባ ነው፤ ያንተዋ ግቢ ነው የምታድረው። ጠጣሩ ዓይነት ደረቅ ላይ ሲከርም ኃይሉ ይደክማል። እየሟሸሸ የሚያልቀው መድረቁን ይችላል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ የተጎታቹ መደገፊያ እንጨት ይልጠዋል።

መደገፊያውን ካነሳን አይቀር፣ እኔ አንዴ ብልህ ነኝ ብዬ በቡና ጆንያ ጠቀለልኩት። ጆንያው ውሃ ይዞ ከረመና ሆዷ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ አብጦ በጥፍር ተነሳ። ምንጣፍ ይሻላል፣ እሱም ሲደርቅ ነው።

የፋብሪካ ልባሷ ደህና ከሆነ አጥበህ ሰም ቀባት፣ በቃ። ከተጫጫረች ግን በአሴቶን ጥረግ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ ሁለት እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር (የመነሻ ቀለም)፣ ከላዩ ባለሁለት ቆርቆሮ፣ ማለትም ሁለቱ ተደባልቀው የሚቀቡ፣ የፖሊዩሬቴን ቀለም። በጅማ ክረምት አትሞክረው፤ እርጥበቱ ያበላሸዋል፣ ኅዳርን ጠብቅ።

ጎረቤትህ የአሉሚኒየም ጀልባ ካለው ደግሞ ንገረው፦ ባለመዳቡ ቀለም አሉሚኒየሙን ይበላዋል።