የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ልጆቼ፣

እስቲ የቀበሌ መታወቂያችሁን አውጡና «የቤት ቁጥር» የሚለውን ቦታ እዩት። ብዙዎቻችሁ ቁጥር አታገኙበትም፤ «አዲስ» ይላል። ቤቱ ሃያ ዓመት ቢሞላውም፣ ቆርቆሮው ቢዝግም፣ ቁጥር እስኪወጣለት ድረስ አዲስ ነው። እኔ 34 ዓመት በአዲስ አበባ መሬት ላይ ሜትር ስጎትት የኖርኩ ቀያሽ ነኝ፤ በዚህች ቃል የተነሳ ስንት ፋይል እንዳገላበጥኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ጋሼ፣ ስለ ድሮ ሰፈር ያጫውቱን» ትሉኛላችሁ። ደስ ይለኛል፣ አጫውታችኋለሁ። ግን በነፃ አይደለም፤ ሥራ እሰጣችኋለሁ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ስሙ የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ነው። «ካዜ ኢንቺስ» ይሏቸው ነበር፤ ያገሬው ሰው አፉ እንደቀናው ካዛንቺስ አለው። አዲስ አበባ ስም አትጥልም። የድሮው ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል። ባቡሩ በ1909 ከተማዋ ሲገባ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉት የሰማ ነው እንዲህ ያስቀረው። ሰፈር የምንለው ቃል ራሱ ከጦር ሰፈር ነው የመጣው፤ ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ሲወርዱ መኳንንቱ ጭፍራቸውን ይዘው የሰፈሩበት ቦታ በየስማቸው ቀረ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ከዚያ ነው።

ቤታችን የቀበሌ ነበር። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ። እናቴ የግለሰብ ተከራይ ሆና ተኝታ የቀበሌ ተከራይ ሆና ነቃች። ኪራዩ ቀነሰላት፤ ጣሪያውን ማን ያድስ የሚለው ግን መልስ ሳያገኝ አርባ ምናምን ዓመት ሄደ። ስለ ድሮ ሰፈር ሲወራ ቡናውና ጉርብትናው ይነሳል፤ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ተጠቃሚው 11 አባወራ እንደነበር የሚያነሳ የለም። ክረምት ሌሊት ጃንጥላ ይዘን ተሰልፈናል። ስለዚህ በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ቆሜ አየሁት እንጂ ሙሾ አላወረድኩም። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው፤ የፈረሰው ግድግዳ ማን ከማን ቀጥሎ ይኖር እንደነበር የሚናገር የመጨረሻው ማስረጃ መሆኑ።

እንዲህ የምለው ጉዳዩ ራሴን ስላቃጠለኝ ነው። በሥራ ዘመኔ የሚቆጨኝ አንድ ወሰን አለ። ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው ሄድኩ። አንዷ ባልቴት ነበሩ፤ በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ «ወሰናችን እዚህ ነው፣ ግራዋው የነበረበት» አሉኝ። ግራዋ የለም። እኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ቴዎዶላይት የሚሉትን የቅየሳ መሣሪያ ተክያለሁ፣ ማህተም ያረፈበት ፕላን በእጄ ነው። «እማማ፣ ፕላኑ እንዲህ አይልም» አልኩና ችካሉን ሁለት ሜትር ያህል ወደ እሳቸው ግቢ አስገብቼ መታሁት። ከዓመታት በኋላ በሌላ ጉዳይ አሮጌ ፋይል ሲወጣ በእጅ የተሳለ ንድፍ አገኘሁ፤ ልክ እሳቸው ባሉት ቦታ ላይ ክብ ተደርጎ «ግራዋ» ተጽፎበታል። ለካ የኔን ፕላን የገለበጠው ሰው ጊዜያዊ አጥርን እንደ ወሰን ወስዶት ኖሯል። ይቅርታ ልጠይቅ ብል ባልቴቷ አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያውን ሳጥን ሳልከፍት በፊት ሁለት ሽማግሌ እጠይቅ ነበር፤ ያውም ለየብቻ፣ አብረው ከሆኑ አንዱ ሌላውን ይከተላላ።

እንግዲህ ሥራችሁ ይሄ ነው። አያታችሁ ዘንድ ቁጭ በሉ። «ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነበር» ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። «ከእናንተ ቀጥሎ ማን ነበር? ከእሱስ ቀጥሎ?» በሏቸው። ውሃ የምትቀዱበት ቦኖ በየት በኩል ነበር? ወፍጮ ቤቱስ? ዓመቱ ከጠፋቸው «ከአብዮቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሉ። የሚነግሯችሁን በወረቀት ላይ እየሣላችሁ አሳዩዋቸው፤ ስትሳሳቱ እርሳሱን ከእጃችሁ ይቀሟችኋል፤ ዋናው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው።

ዕድር ካላችሁ መዝገቡን በስልክ ፎቶ አንሱት። የኛ ሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ በየወሩ ቤት ለቤት ይሰበስቡ ስለነበር ስማችን የሰፈረው በበራችን ቅደም ተከተል ነው። ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ አንዲት ልጅ የሟች እናቷ መኖሪያ የት እንደነበር ማስረዳት ተቸገረች፤ ፋይሉ «ይፈለጋል» ተባለ። ያ በሽሮ የተነካካ ደብተር ከምስክር ጋር ቀርቦ ነው ነገሩ የተቃናላት።

አሁን የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ጉልበቴ ደረጃውን ይረግማል፤ ሽንት ቤቱን ግን ይመርቃል። እዚህ የማየው ችግር ሌላ ነው። የብሎካችን ስብሰባ ሲጠራ ስምንት ሰው ይመጣል፣ ሰባቱ ጡረተኛ ነው። እናንተ «ጭቅጭቅ ነው» ብላችሁ ትቀራላችሁ። እውነት ነው፣ ጭቅጭቅ ነው። ስለ ፓምፕ፣ ስለ ጥበቃ ደመወዝ፣ ስለ ደረጃው መብራት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሆኖም የኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ ደረጃውና ጣሪያው የሁላችን የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ የጋራ ሀብት ደግሞ ባለቤቱ ካልመጣ የመጣው ሰው ይሆናል። አንድ ቀን የጋራ መገልገያችን የሆነው የኮሚናል ህንፃ ለመጋዘን ተከራይቶ አገኘነው። «ተስማምታችኋል» ተባልን፤ ቃለ ጉባኤው ሲወጣ የኔም ፊርማ አለበት! ስንገባ የፈረምንበት የተሰብሳቢ ስም ዝርዝር ከኋላው ተያይዟል። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ያየሁ ሰው፣ እንዲህ ተበላሁ። ስለዚህ «ተገኝቻለሁ» የሚል ርዕስ በሌለው ባዶ ሉክ ላይ አትፈርሙ፤ ቃለ ጉባኤ እዚያው ተጽፎ ይነበብ በሉ።

ሌላው የቢሮ ነገር ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ማመልከቻ ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቁጥሩንና ቀኑን አስጽፉ። «ትተኸው ሂድ፣ አደርሰዋለሁ» የሚል መልካም ሰው አይጠፋም፤ አመስግናችሁ ራሳችሁ አድርሱት። የቦታ ማስለቀቂያ ትዕዛዝ ከመጣ ቀኑን ቁጠሩ፤ በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ለአቤቱታ የሰጠው 30 ቀን ነው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏልና ማሻሻያውንም አንብቡ። ያየሁት አብዛኛው ሰው ግን ቀኑን የሚጨርሰው ዘመድ በማማከር ነው።

እኔም የቤት ሥራዬን ጀምሬያለሁ። የኛን መንደር በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሥዬዋለሁ፤ ከዋናው መንገድ እስከ ቦኖው 23 በር አለ፣ 22ቱን በስም ሞልቻለሁ። አንዱ ግን ባዶ ቀርቷል፤ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ በሩ ሰማያዊ፣ ደጁ ላይ ጤና አዳም የተተከለበት። ሴትዮዋ በጠዋት ዳቦ ይሸጡ ነበር፤ መልካቸው ይታየኛል፣ ስማቸው ግን እምቢ አለኝ። እህቴም አታስታውሳቸውም። ቤታችሁ የካዛንቺስ ሰው ካለ እስቲ ጠይቁልኝ።