ፊደልና ሥዕል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ጽሑፍና ሥዕል ዝምድና ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ስድስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፊደል የተወለደው ከሥዕል ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የእኛም የላቲኑም። ከ3,500 ዓመታት በላይ ይሆነዋል። በሲና በረሃ፣ ማዕድን በሚወጣበት አካባቢ፣ ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ድንጋይ ላይ የበሬ ራስ ይጭሩ ነበር። በቋንቋቸው የበሬው ስም በአልፍ፣ ማለትም በአ ድምፅ ይጀምራል። በሬውን ትተው የስሙን መነሻ ድምፅ ብቻ ያዙ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ፈጠራ የለም። የላቲኑን ትልቁን ኤ ዘቅዝቃችሁ እዩት፤ ባለ ሁለት ቀንድ ፊት ይወጣዋል። የእኛ ዐ ደግሞ ስሙ ዐይን ነው። ክብነቱን ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ የጥንት ግብፆች ሂሮግሊፍ ሥዕል ነው ጽሑፍ?

መልስ፦ ጽሑፍ ነው። ለብዙ ዘመን እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሐሳብ የሚወክል ይመስል ነበር። በ1822 ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን ምልክቶቹ ድምፅም እንደሚወክሉ አሳየ። ጉጉቷ «ም» ናት እንጂ ወፏን አትነግረንም።

ሥዕልነቱን ግን አልጣለም። ወፎቹና ሰዎቹ የሚያዩት መስመሩ ወደሚጀምርበት ነው፤ አንባቢ ፊት ለፊታቸው እየመጣ ያነባል። ስለዚህ ቀራጩ አቅጣጫውን እንደ ቦታው ይቀይረዋል። በበር ግራና ቀኝ ያለው ጽሑፍ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ እርስ በርሱ ይተያያል። በቋንቋቸው መጻፍና መሣል አንድ ቃል ነበር፤ በጥንቱ ግሪክኛም እንዲሁ። እኛስ? ቀለም ስንል የብዕሩም ነው፣ የግድግዳውም ነው። የተማረውንም ሰው ቀለም የዘለቀው እንለዋለን።

ጥያቄ፦ ቻይናውያን የእጅ ጽሑፍን ከሥዕል እኩል የሚያከብሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብሩሹም ቀለሙም ወረቀቱም አንድ ስለሆነ። ወረቀቱ ቀለሙን ወዲያው ይጠጣል፤ ማረም ብሎ ነገር የለም። እያንዳንዱ ጭረት ደግሞ ተራ አለው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው እጁ የት እንደቆመ፣ የት እንደፈጠነ፣ ብሩሹ የት እንደደረቀ ተከትሎ ያያል።

ጥያቄ፦ የማላነበው ጽሑፍ ሥዕል ሆኖ ይታየኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ ምንም። ቫን ጎኽ በ1887 የጃፓኑን የሂሮሺጌን ሁለት የእንጨት ህትመቶች በዘይት ቀለም ገልብጦ ሣለ። ዳር ዳሩን በጃፓን ፊደል አስጌጠው። ጃፓንኛ አያነብም፤ ከሌላ ህትመት የለቀማቸው ናቸው። ቅርጹን የወደደ ሰው ያደረገው ነው፣ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሥዕል ላይ ቃል ካለ ዓይኔ መጀመሪያ ቃሉ ላይ ያርፋል። ለምን?

መልስ፦ ማንበብን አንዴ ከቻልነው ማቆም አንችልም። በ1935 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስትሩፕ «ቀይ» የሚሉ ዓይነት ቃላትን በሌላ ቀለም አትሞ፣ ሰዎች የታተሙበትን ቀለም ስም እንዲናገሩ ጠየቀ። ሰዎቹ ተንቀረፈፉ፤ ቃሉ እየቀደመ አስቸገራቸው።

ሠዓሊዎች ይህን ያውቁበታል። በ1929 ማግሪት ፒፓ ሣለና ከሥሩ «ይህ ፒፓ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ልክ ነው፣ ትንባሆ አይሞላበትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጠጋ ብላችሁ ፊደሎቹን እዩ፤ እነሱም በብሩሽ የተሣሉ ናቸው። ታዲያ ያ ጽሑፍ ነው ወይስ የጽሑፍ ሥዕል? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ።

ጥያቄ፦ ፊደልን እንደ ሥዕል ማየት እንዴት ልልመድ?

መልስ፦ ሐን በትልቁ አትሙና ዘቅዝቁት። ጥቁሩን ተዉት። በሦስቱ እግሮች መካከል ያሉትን ሁለት ነጭ ክፍተቶች ብቻ ሣሉ፣ ቀስ ብላችሁ። ከዚያ ዙሪያውን ያለውን ነጭ። ስትጨርሱ ወረቀቱን መልሱት፤ ሐ ሳትጽፉት ቆሞ ታገኙታላችሁ።