የልጆች የኩላሊት ሕመም በዘር ይመጣል ወይ? የእናትንም ወገን ይቁጠሩ

እህታችን፣ ወንድምዎ በ24 ዓመቱ በኩላሊት ሕመም እንዳረፈ፣ አሁን ደግሞ በ5 ዓመት ወንድ ልጅዎ ሽንት ውስጥ ደም እንደተገኘ ጽፈው፣ «ከባለቤቴ ጋር እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የለንም፤ ታዲያ በዘር ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ሕመም ያለበትን ልጄን 9 ዓመት ያስታመምሁ አባት ነኝ። አዎን፣ ሊሆን ይችላል፤ የወንድምዎ ነገር ባይኖር ኖሮ ግን እንዲህ ደፍሬ አልናገርም ነበር።

ልጄ 6 ዓመት ሲሞላው ጉሮሮውን ታመመና በማግስቱ ሽንቱ ቀይ ሻይ መሰለ። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠን፤ ሽንቱ ሲጠራ ዳነልን ብለን ተመለስን፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ግን መልሶ ይጠቁር ነበርና ያንኑ መድኃኒት አራት ጊዜ ዋጠ። ሁለት ዓመት በዚህ ማለፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ አዲስ አበባ የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ፣ ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እያደረገች የዘር ሐረጋችንን መሣል ጀመረች። እኔ እንደ ልማዳችን አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ስደረድር፣ እሷ «የእናትየው ወንድሞችስ?» አለች። ባለቤቴ በወጣትነቱ መንዝ ውስጥ ሰውነቱ አብጦ የሞተውን ታላቅ ወንድሟን አነሣችና «ጆሮውም ቀደም ብሎ ደክሞ ነበር» ስትል፣ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ልጃችንን ቀና ብላ አየችው። መምህሩ «ሲጠሩት አይሰማም፣ ልቡ ትምህርት ላይ አይደለም» ይል የነበረው ለካ ጆሮው ኖሯል። የባለቤቴም ሽንት ሲመረመር ለዓይን የማይታይ ደም ተገኘበት።

ሕመሙ አልፖርት ሲንድረም ይባላል። የኩላሊትን ማጣሪያ አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በዘረመል ስሕተት ሳቢያ በትክክል ሳይሠራ ሲቀር ይመጣል፤ ይኸው ኮላጅን በውስጠኛው ጆሮና በዓይንም ስላለ ጉዳቱ ወደዚያ ይዘልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ ያለው፣ ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወርሰው የዘረመል መያዣ፣ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ስለዚህ ተሸካሚ እናት ከምትወልዳቸው ልጆች እያንዳንዱ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በወንዶች ይጠናል፤ ሴቶችም ቢሆኑ ቀለል ይልላቸው እንደሆነ እንጂ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ሰባት ቤት መቁጠራችን ትልቅ ጥበብ ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ የዘረመል ቅጂ ሲገናኝ ብቻ የሚመጡ የኩላሊት ሕመሞች አሉና እነሱን ያርቃል፤ ለምሳሌ ኔፍሮኖፍቲሲስ የሚባለው ልጁን ውሃ እያስጠማ፣ ሌሊት እያሸና፣ ዕድገቱን እየገታ ሽንቱ ንጹሕ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎችን ያዘናጋል። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚተላለፈውን ግን ቆጠራው አያግደውም። ደግሞም በልጆች ላይ ለሚታየው ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ዋናው ምክንያት የኩላሊትና የሽንት መሥመር አፈጣጠር ጉድለት ነው፤ አብዛኛውም በቤተሰብ ታይቶ የማያውቅ ነውና የልጅዎ አልትራሳውንድ አይቅር። «የአፍሪካውያን የኩላሊት ዘረመል» ተብሎ የሚወራው አፖል 1 እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀ፣ በተለይ በምዕራብ አፍሪካ የበዛ ነው፤ በ2011 በኢትዮጵያውያን ላይ በወጣው ጥናት ግን አልተገኘም። በእሱ አይጨነቁ።

ልጅዎ ጉንፋን ሳይኖርበት፣ ደህና ሳለ ሽንቱ ይታይ፤ ደሙ ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑም ይለካ። የደም ግፊቱ፣ ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) እና ጆሮው ይመርመሩ፤ የእርስዎም ሽንት አብሮ ይታይ። ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ የወንድምዎን ነገር ይንገሩት። እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡት። የእኔ ልጅ ኢናላፕሪል የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ መድኃኒቱ ሕመሙን ነቅሎ ባያጠፋውም ያዘገየዋል፤ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ግን ወዲያው ሐኪሙን እንጠይቃለን። ዛሬ 15 ዓመቱ ነው፤ ለመስማት የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ ቢያደርግም የኩላሊት እጥበት አላስፈለገውም። ደብረ ሲና ያለችው የባለቤቴ እህትም ይህን ሰምታ ልጇን በ3 ዓመቱ አስመረመረችው፤ ደሙ ተገኘበት፣ ክትትሉንም ሽንቱ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀላ ጀመረ።